ለተርቦ መኪና ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚባለው ስህተት ነው

ጥያቄው፦ «በቅርቡ አዲስ መኪና ገዛሁ። ሞተሩ 1.5 ሊትር ቤንዚን ነው፣ ተርቦ አለው፣ ነዳጁም ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዓይነት ነው። ማኑዋሉ ላይ 0ደብሊው-20 ይላል፤ ከጎኑ ‘ኤፒአይ ኤስፒ’ የሚል አለ። 5ደብሊው-30ም በአማራጭነት ተጽፏል። መካኒኬ ግን ‘ይሄማ ውሃ ነው፤ ተርቦ ስለሚሞቅ 20ደብሊው-50 አድርግበት’ አለኝ። ዘይት ሻጩ ደግሞ ‘ፉል ሲንተቲክ’ የሆነ 5ደብሊው-40 አሳይቶኝ ከሁሉም ይበልጣል አለኝ። እስካሁን 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። የትኛውን ላድርግ? በየስንት ኪሎ ሜትሩ ልቀይር? ዘይት ላይ የሚጨመረው ማጠናከሪያስ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦ 20ደብሊው-50ን ይተዉት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው። ዛሬ ቢያደርጉት ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ እንዲያውም ድምፁ ለስለስ ያለ ሊመስልዎት ይችላል። ዋጋውን የሚከፍሉት ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ትክክለኛው መልስ እጅዎ ላይ ያለው ማኑዋል ውስጥ አለ። ግን «ማኑዋሉን ይከተሉ» ብዬ ብቻ ባልፍ፣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲነግርዎ እንደገና ግራ ይገባዎታል። ስለዚህ ምክንያቱን ላስረዳ።

ከተርቦው እንጀምር። ተርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተገጠሙ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ናቸው። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል። ሌላው ከውጭ አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል። የቤንዚን ሞተር ጫና ሲበዛበት የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የእርስዎን በመሰለ ትንሽ ሞተር ላይ ያለ ተርቦ ደግሞ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ሞተሩ ራሱ በደቂቃ ከ6,000 ወይም 7,000 ዙር አያልፍም። ልዩነቱን ልብ ይበሉ።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዘንግ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ባለ ኳስ ኩሽኔታ የለውም። የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። በዘንጉና ባቀፈው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። እዚያች ክፍተት ውስጥ ዘይት ካለ ብረት ከብረት አይነካካም። ዘይቱ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ዘይት ከጠፋ፣ ከዘገየ ወይም ከቆሸሸ ግን ያ ፍጥነት በሰከንዶች ውስጥ ይፈርድበታል።

እንግዲህ ተርቦ ከዘይት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ቶሎ መድረስ፣ ሙቀት መቻልና ንጹሕ መሆን። ወፍራምነት ከነዚህ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ብዙ ሰው 0ደብሊው-20 የሚለውን ሲያይ «ዜሮ» ብሎ ይደነግጣል። «ደብሊው» ዊንተር ለሚለው ቃል የቆመ ነው፤ ብርድን ያመለክታል። ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይነግረናል፣ ሲያንስ በብርድም ቶሎ ይፈሳል ማለት ነው። ከኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ሥራ ላይ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ፣ ዘይቱ ያለውን ውፍረት ይወክላል። በዚያ ሙቀት 20 የሚባለው ዘይት ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ ይለካል፤ 30 ከ9.3 እስከ 12.5፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። ሴንቲስቶክ የውፍረት መለኪያ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መካኒክዎ «ውሃ ነው» ያሉት ዘይት በ40 ዲግሪ ሲለካ ወደ 45 ሴንቲስቶክ ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከሚኖረው ውፍረት አምስት እጥፍ ማለት ነው። 20ደብሊው-50 በዚያው በ40 ዲግሪ 150 አካባቢ ይደርሳል። ጠዋት መኪናውን ሲያስነሱ ደግሞ ሞተሩ ከ40 ዲግሪም በታች ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ከዚህ በላይ ወፍራም ናቸው። ማለዳ ላይ የሞተር ችግር ዘይቱ መወፈሩ ነው። የትኛውም ዘይት፣ ቀጭን የተባለውም ጭምር፣ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ከሚፈለገው በላይ ወፍራም ነው። ተርቦው ያለው ደግሞ ከፓምፑ ራቅ ብሎ፣ በቀጭን ቧንቧ ጫፍ ላይ ነው። ወፍራም ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ያለፉት ሰከንዶች ቀለበቱን ይበሉታል። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደለም። በየጠዋቱ ሲሆን ግን ይደመራል።

መካኒክዎን ግን አልወቅሳቸውም። ይህ ምክር የመጣው ከሥራ ልምድ ነው። ሞተር ሲያረጅ ክፍተቶቹ ይሰፋሉ፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል። እዚያ ላይ ወፍራም ዘይት ሲጨመር ድምፁ ይቀንሳል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣ ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍተቶቹ ጠባብ ናቸው። የዘይት ፓምፑ ራሱ ብዙ ጊዜ እንደፍላጎቱ ግፊቱን የሚያስተካክል ነው። የቫልቮቹን ጊዜ የሚያዛውረው ክፍል የሚታዘዘው በጠባብ የዘይት መተላለፊያዎች ነው። እዚያ ውስጥ 20ደብሊው-50 ሲገባ ትእዛዝ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፊልትሮው ውስጥ ዘይቱ አልፈስ ሲል የሚከፈት ቫልቭ አለ። ወፍራም ዘይት በብርድ ይህን ቫልቭ ይከፍተዋል። ያኔ ዘይቱ ሳይጣራ፣ ቆሻሻውን እንደያዘ ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ ተርቦው ይሄዳል።

መካኒኩ የሚሰጉበት ነገር እውነትነት የለውም አልልም። ዘይት በጣም ሲሞቅና በኩሽኔታ ውስጥ በኃይል ሲፋተግ ስስ ይሆናል። ይህን የሚለካ ሌላ ፈተና አለ፤ ኤች ቲ ኤች ኤስ ይባላል፣ የሚሠራውም በ150 ዲግሪ ነው። በዚህ ፈተና 20 የተባለ ዘይት ቢያንስ 2.6 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ (ይህም የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 30 የተባለ ቢያንስ 2.9፣ እንደ 5ደብሊው-40 ያለው ደግሞ ቢያንስ 3.5 ማስመዝገብ አለበት። ፋብሪካው 0ደብሊው-20 ብሎ ሲጽፍ ኩሽኔታዎቹን፣ ፓምፑንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ለ2.6 አስልቶ ነው የሠራቸው። የነዳጅ ፍጆታ መቀነስም እንደሚፈልግ አልክድም፤ ቀጭን ዘይት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ግን ሞተሩም አብሮ ተለውጧል። ዘይቱን ብቻ አቅጥነው ያረጀ ንድፍ ውስጥ አልጨመሩትም።

አሁን ለእርስዎ ሞተር ዋነኛ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። መካኒኩም ሻጩም ያላነሱት ይህ ነው። ማኑዋልዎ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው «ኤፒአይ ኤስፒ» የሚለው የዘይቱ የጥራት ደረጃ ከቁጥሩ እኩል፣ እንዲያውም በላይ ይመዘናል።

ትንሽ ሞተር፣ ተርቦ፣ ቀጥታ የሚረጭ ነዳጅ። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ በቀድሞዎቹ ሞተሮች ብዙም የማይታወቅ ችግር ብቅ አለ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤል ኤስ ፒ አይ ይባላል። በዝቅተኛ ዙር፣ በከባድ ጫና ላይ፣ ካንዴላው ሳይተኩስ ነዳጁ በራሱ ጊዜ ሲቀጣጠል ማለት ነው። እንዴት እንደሚመጣ ልንገርዎ። በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ቀስ ብለው እየሄዱ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ነው። ዳገት ይመጣል፣ ማርሽ ሳይቀንሱ ነዳጁን ይረግጡታል። ተርቦው አየር ያምቃል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይከብዳል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል የተጠራቀመች የዘይትና የነዳጅ ጠብታ ትወረወርና ያለጊዜዋ ትቀጣጠላለች። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ እሳቱ ደግሞ ወደ ታች ይገፋዋል። ከባድ ኳኳታ ይሰማል። አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ያች አንዷ ምት ግን የፒስተኑን ቀለበት መያዣ ጠርዝ ልትሰብር ትችላለች።

እንዲህ የተመታ ፒስተን እጄ ላይ ይዤ አይቻለሁ። አናቱ ንጹሕ ነበር፣ ጎኑም ያልተጫረ። በአንደኛውና በሁለተኛው ቀለበት መካከል ያለው ብረት ግን ጥፍር በሚያክል ቁራጭ ተገንጥሎ ነበር። ባለቤቱ ዘይት በጊዜው ይቀይር ነበር። የሚያደርገው ዘይት ግን ለዚህ ዓይነት ሞተር ያልተፈተነ የቆየ ደረጃ ነበር።

ዘይት በዚህ ውስጥ ምን አገባው? ዘይት ውስጥ ሞተሩን የሚያጸዱ ኬሚካሎች አሉ። ለብዙ ዓመታት የነዚህ መሠረት በአብዛኛው ካልሲየም ነበር። ሲጠና ብዙ ካልሲየም ያለው ዘይት ይህን ያለጊዜው መቀጣጠል እንደሚያባብስ ታየ፤ ማግኒዚየም ግን እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ቅመማው ተለወጠ። የአሜሪካው ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ኤፒአይ ማለት ነው፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤስኤን ፕላስ» የሚል ደረጃ አወጣ። በ2020 «ኤስፒ» ተከተለ፤ አብሮት የመኪና ሠሪዎች ደረጃ የሆነው ኢልሳክ ጂኤፍ-6 መጣ። የኤስፒ ዘይት ይህን ችግር መከላከሉ የሚፈተነው በፎርድ 2.0 ሊትር ተርቦ ሞተር ላይ ነው። የታይሚንግ ካቴና፣ ማለትም የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ሰንሰለት፣ መበላቱንም የሚለካ ሌላ ፈተና አለው፤ ቀጥታ በሚረጭ ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው ደቃቅ ጥቀርሻ ካቴናውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቀው ነው የተጨመረው። በ2025 ደግሞ «ኤስኪው» እና ጂኤፍ-7 መጡ። ጂኤፍ-7 አዲስ ዘይት ብቻ ሳይሆን ያረጀ ዘይትም ለዚህ ችግር እንዲፈተን ያስገድዳል። ይህ በራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ዘይት ሲያረጅ መከላከያው ይዳከማል።

ስለዚህ ጀሪካኑን ሲያነሱ የፊቱን ሥዕልና ስም አይዩ። ገልብጠው የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ኤፒአይ ኤስፒ» ወይም «ኤስኪው» የሚል ከሌለ ይመልሱት። «ኤስኤል» ወይም «ኤስኤን» ብቻ የሚል ዘይት መጥፎ ዘይት ሆኖ አይደለም። ለዘመኑ ሞተር ጥሩ ነበር፤ ለእርስዎ ሞተር ግን አልተፈተነም። በነገራችን ላይ የኤፒአይ የቤንዚን ደረጃዎች ወደ ኋላ ይሠራሉ፤ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል። ስለዚህ ማኑዋሉ ኤስፒ ብሎ ኤስኪው ቢያገኙ ያለ ሥጋት ይጠቀሙ።

የሻጩን ጉዳይ እንይ። 5ደብሊው-40 «ፉል ሲንተቲክ» ጥሩ ዘይት ሊሆን ይችላል። ግን «ሲንተቲክ» የሚለው ቃል ዘይቱ ከምን እንደተሠራ በግምት ይነግርዎታል፣ ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ አይነግርዎትም። ቃሉም ቢሆን እንደ ቀድሞው ጠባብ ትርጉም የለውም። በፊት በኬሚካል ውህደት የተሠራ መሠረት ላለው ዘይት ብቻ ነበር የሚውለው። ዛሬ በብዙ አገሮች ከድፍድፍ ነዳጅ ወጥቶ በከባድ ግፊትና በሃይድሮጅን የተጣራውም በዚሁ ስም ይሸጣል። ይህም ቢሆን መጥፎ አይደለም፤ ከተራው የማዕድን ዘይት ሙቀትን እጅግ የተሻለ ይችላል። ለተርቦ ሲንተቲክ ማድረግ አለብዎት፣ በዚህ ከሻጩ ጋር እስማማለሁ። ደግሞም 0ደብሊው-20 ያለ ሲንተቲክ መሠረት መሥራት አስቸጋሪ ስለሆነ እርስዎ የሚፈልጉትም እሱው ነው።

5ደብሊው-40 ብዙ ጊዜ የሚሠራው «ኤ3/ቢ4» ለሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ነው። ይህ ደረጃ ሲቃጠል አመድ የሚተው ማዕድን በብዛት እንዲኖረው ይፈቅዳል። አንዳንድ አዳዲስ የቤንዚን ተርቦ መኪናዎች በጭስ ማውጫቸው ውስጥ ደቃቅ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ጥቀርሻው በሙቀት ተቃጥሎ ይጠፋል። አመዱ ግን አይቃጠልም፤ እዚያው ይከማቻል፣ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። የናፍጣ ተርቦ ላላቸው አንባቢዎች ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ነው። እንዲህ ያለ የጥቀርሻ ማጣሪያ ያለው የናፍጣ መኪና «ሲ2»፣ «ሲ3» ወይም ማኑዋሉ የጠቀሰውን ሌላ አመዱ የቀነሰ ደረጃ ይፈልጋል። በነዚህ ሁለቱ ውስጥ የአመዱ መጠን ከ0.8 በመቶ አይበልጥም።

የአውሮፓ መኪና ያላቸው ደግሞ የፋብሪካውን የራሱን ቁጥር ይፈልጉ። ፎልክስዋገን 504 00 ወይም 508 00፣ መርሴዲስ 229.52፣ ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04 የመሳሰሉት ናቸው። እዚህ ላይ ውፍረት ብቻ ማመሳሰል አይበቃም፤ ወደ ኋላ ይሠራል ብሎ መገመትም ያሳስታል። ፎልክስዋገን 508 00 ቀጭን ዘይት ነው፤ ለእሱ ካልተሠራ የቆየ ሞተር አይሆንም። ጀሪካኑ ላይ «ለ504 00 ይመከራል» እና «504 00 የጸደቀለት» የሚሉት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዘይት ሠሪው ስለራሱ የሚለው ነው። ሁለተኛው መኪና ሠሪው ፈትኖ የሰጠው ነው። የጸደቀውን ይምረጡ። የታይሚንግ ቺንጋቸው በዘይት ውስጥ የሚሠራ አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮችም አሉ። እነሱ ላይ የተሳሳተ ዘይት የቺንጋውን ጎማ ያበላሻል፣ የሚፈረፈረው ጎማም የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ይደፍናል። እንዲህ ያለ ሞተር ላለው ሰው ከተጻፈው ቁጥር ንቅንቅ ማለት የለም።

ማኑዋልዎ 5ደብሊው-30ንም ይፈቅዳል ብለዋል። ከሠንጠረዡ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን የሚፈቅዱት 0ደብሊው-20 ሲጠፋ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ቅያሬ ወደ ዋናው ይመለሱ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ወይም በረጅም መንገድ በፍጥነት ለሚነዳ የተሻለ ነው ብለው ይጽፋሉ። መኪናዎ ተሳቢ የሚጎትት፣ ወይም ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት የሚወጣ ከሆነና ማኑዋሉ ካልከለከለ 5ደብሊው-30 ኤስፒ ያድርጉ። ካልሆነ 0ደብሊው-20 ኤስፒ። ከነዚህ ሁለቱ ውጪ አይሂዱ።

አሁን በየስንት ኪሎ ሜትሩ ለሚለው። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ይልቅ ጥብቅ ነኝ፣ ምክንያቴን ልናገር። ማኑዋሎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሠንጠረዥ አላቸው። አንዱ ለተለመደ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። ሰው ሁሉ የራሱን አነዳድ «የተለመደ» ይለዋል። ከባድ የሚባለው ግን አጭር አጭር ጉዞ፣ ቆም ሄድ የሚል መንገድ፣ አቧራ፣ ብዙ ሞተር አብርቶ መቆም፣ ጭነትና ከፍተኛ ሙቀት ነው። ራስዎን በሐቀኝነት ይጠይቁ። አብዛኛው የከተማ መኪና እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ቀጥታ በሚረጭ ሞተር ላይ አጭር ጉዞ ሌላም ጉዳት አለው። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚረጨው ነዳጅ በከፊል በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይተናል። ካልሞቀ ይጠራቀማል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ደረጃው ከፍ ካለ፣ ዘይቱ በነዳጅ ቀጥኗል ማለት ነው። ያኔ ኪሎ ሜትር አይጠብቁ፣ ይቀይሩት። ጥቁር መሆኑ ግን አያስደንግጥዎ። ዘይት የሚጠቁረው ጥቀርሻውን ይዞ ስለሚንሳፈፍ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ያረጀ ዘይት ተርቦ ላይ የሚያደርገውን ላሳይዎ። ተርቦ ስንፈታ በጭስ በኩል ያለውን የዘንጉን ጫፍ እናያለን። በጊዜው ዘይት የተቀየረለት ከሆነ ዘንጉ ያበራል፣ ቀለሙ ቢበዛ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። ያልተቀየረለት ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፤ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ጥቀርሻ ይፈረፈራል። ይህ የተቃጠለ ዘይት ነው። ቅርፊቱ እዚያ ብቻ አይቀርም። ዘይት በሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል፣ ቀዳዳውን ያጠበዋል። እንዲህ ዓይነት ቧንቧ በብርሃን ፊት ይዤ ስመለከት ከውስጡ የቀረው ቀዳዳ መርፌ የሚያሳልፍ ያህል የሆነበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ተርቦ ገዝቶ ሊቀይር ነበር የመጣው። ቧንቧው ሳይቀየር አዲሱም ተርቦ በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ማኑዋሉ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ቢልም፣ ለእርስዎ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ የቀደመው። ረጅም መንገድ ብቻ የሚነዱ ከሆነ 7,500 ድረስ ቢሄዱ አልቃወምም። ማኑዋሉ ከዚህ ያነሰ ካለ ማኑዋሉ ይበልጣል። አንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ዓመት እንዲሄዱ ይፈቀድላቸዋል። ይህ ምቹ በሆነ ሁኔታ፣ ለዚያ በተሠራ ዘይት የሚደረስበት የመጨረሻው ገደብ ነው። መኪናውን ለረጅም ዓመት ሊይዝ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

1,000 ኪሎ ሜትር ስለደረሱ ዛሬውኑ ይቀይሩ አልልም። ቀድሞ አዲስ ሞተር በቶሎ ይፈስስለት ነበር፣ «ማሟሻ» ተብሎ ተራ ዘይትም ይደረግለት ነበር። ዛሬ ሞተሩ ከፋብሪካ የሚወጣው በትክክለኛው ዘይት ነው። አንዳንድ ሠሪዎች እንዲያውም የመጀመሪያውን ዘይት ያለጊዜው እንዳይፈስስ ያሳስባሉ። ማኑዋልዎ የመጀመሪያ ቅያሬ ብሎ የጻፈው ካለ እሱን ያክብሩ። ከሌለ የመጀመሪያውን በ5,000 ያድርጉት። በነዚህ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አይንዱት፣ እስከ መጨረሻውም አይርገጡት።

ማጠናከሪያውን አይጨምሩ። ዘይት ማለት የመሠረት ዘይትና የኬሚካሎች የተመጠነ ድብልቅ ነው። ፈተናውን ያለፈው በዚያ ምጣኔ ነው። ከላይ ሌላ ጠርሙስ ሲደፉበት የተፈተነው ዘይት መሆኑ ያበቃል። የካልሲየሙን ታሪክ አይተዋል፤ አንዲት ንጥረ ነገር ስትበዛ ፒስተን ትሰብራለች። የሚያወፍረው ዓይነት ደግሞ በቀጥታ ወደ 20ደብሊው-50 ችግር ይመልስዎታል።

ቅያሬው ሲደረግ አጠገቡ ይቁሙ። ፊልትሮው ሁልጊዜ ከዘይቱ ጋር ይቀየር። ጥሩ ፊልትሮ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግድ ጎማ አለው፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ ይህ ይደክመዋል፣ ጠዋት ተርቦው የሚጠብቅበት ጊዜም ይረዝማል። የፋብሪካውን ወይም እኩያውን ይግዙ። ዘይቱ ከመጠን አይለፍ። «ትንሽ ይብለጥ፣ ይጠቅማል» የሚባለውን አይቀበሉ። ከተርቦው የሚወጣው ዘይት ወደ ታች የሚመለሰው በስበት ብቻ ነው፣ የሚገፋው ፓምፕ የለም። ታች ዘይቱ ሞልቶ ከጠበቀው መመለሻው ይዘጋል፣ ዘይቱ በተርቦው ጥግ ሾልኮ ወደ አየር መንገዱ ወይም ወደ ጭሱ ይወጣል። ሰማያዊ ጭስ ያያሉ። «ተርቦው ሄደ» ይባላል፣ የሄደው ግን የዘይት ልኩ ነው። ሌላ ጥንቃቄ፦ በተርቦው የዘይት ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን ማጣበቂያ እንዳይደረግ። ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። እዚያ ቦታ የሚገባው የራሱ ጓርኒሲዮን ነው።

ስለ አነዳድ ባጭሩ። ጠዋት አስነስተው ወዲያው አይርገጡ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው በቀስታ ይውጡ፣ የሙቀት መለኪያው ቦታው እስኪደርስ አያጣድፉት። በፍጥነት ወይም በዳገት ቆይተው ሲቆሙ ሞተሩን ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ፣ ቢቻል ለአንድ ደቂቃ አብርተው ያቆዩ። ሲያጠፉት የዘይት ፓምፑ ይቆማል፣ ጋል ያለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ግን እዚያው ይጠበሳል። ብዙ አዳዲስ ተርቦዎች በውሃም ስለሚቀዘቅዙ አደጋው እንደ ቀድሞው አይደለም፣ ግን አልጠፋም። በከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ነድተው ሲደርሱ መጠበቅ አያስፈልግም። ዳገት ላይ ደግሞ ማርሽ ቀንሰው ዙሩን ከ2,000 በላይ ያድርጉ፣ ከዚያ ይርገጡ።

እርስዎ የሚገዙት እንግዲህ ይህ ነው፦ 0ደብሊው-20፣ ሲንተቲክ፣ ጀርባው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ ወይም ኤስኪው የተጻፈበት፣ ማኅተሙ ያልተነካ፣ ማኑዋሉ የሚለውን የሊትር መጠን ያህል። ስሙ የታወቀ ከሆነ የትኛው ኩባንያ እንደሠራው አያስጨንቅዎ። ለመካኒክዎ ራስዎ ይዘውላቸው ይሂዱ፣ የማኑዋሉንም ገጽ ያሳዩዋቸው። ደረሰኙን አይጣሉ፤ ሞተሩ በዋስትና ዘመኑ ችግር ቢገጥመው መጀመሪያ የሚጠየቁት የተደረገው ዘይት ከማኑዋሉ ጋር መስማማቱን ነው። ቅያሬው ሲያልቅ ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሳይረግጡ አንድ ሁለት ደቂቃ ያሠሩት። አጥፍተው፣ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያ መለኪያ ዘንጉን አውጥተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ከተው ይዩት። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ፣ ግን ሳያልፈው መሆን አለበት። ማኑዋሉ ሌላ የአለካክ መንገድ ከጻፈ የእሱን ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣትዎ በፊትም፣ ይህንኑ ይድገሙት።